ሄልሜት አድርጎ በጠራራ ፀሐይ ብስክሌት መንዳት፦ ራስ፣ ጆሮና ማጅራት እንዳይቃጠሉ ምን ይደረግ?

ጎህ_ሲቀድ

ሰላም ለሁላችሁ። ሄልሜት ራስን ከግጭት ይጠብቃል እንጂ ከፀሐይ አያስጥልም። የአየር ቀዳዳዎቹ ነፋሱን እንደሚያስገቡ ሁሉ ፀሐዩንም ያስገባሉ። ጆሮ፣ ማጅራት፣ አፍንጫና ጉንጭ ደግሞ ከነጭራሹ ሽፋን የላቸውም። ሰፊ ባርኔጣ እንዳይደረግ ሄልሜቱ አለ።

ሁኔታው እንዲህ ነው፦ ራስ የተላጨ፣ ሄልሜቱ ባለ 18 ቀዳዳ፣ ጉዞው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት፣ ግማሹ ዳገት። እስካሁን የተሞከረው የፀሐይ መከላከያ ክሬም ብቻ ነው። እሱም በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከላብ ጋር ወርዶ ዓይን ያቃጥላል፤ ራስ ቅል ላይ ደግሞ የቀዳዳዎቹን ቅርጽ የያዘ ቃጠሎ ይቀራል።

ከሄልሜት ሥር ኮፍያ ማድረግ የሄልሜቱን ጥበቃ ይቀንሳል ወይ? ከሄልሜቱ ውጪ ዙሪያውን የሚጠለቁት የጨርቅ ክፈፎችስ ነፋስ ላይ ይሠራሉ? ክሬሙ ዓይን ውስጥ እንዳይገባስ ምን ይደረጋል? የምታውቁ ዘርዘር አድርጋችሁ ብትነግሩኝ።


ካቴና

ወንድሜ ጎህ፣ ከሄልሜት ሥር ኮፍያ ማድረግ ይቻላል። የሚወስነው የኮፍያው ውፍረትና አሠራር ነው።

የሄልሜት ፎም፣ ማለትም ከቅርፊቱ ሥር ያለው ወፍራሙ ቀላል ሽፋን፣ በግጭት ጊዜ ተጨፍልቆ ነው ኃይሉን የሚውጠው። ይህን የሚያደርገው ግን ራስ ላይ በትክክል ተቀምጦ ከተገኘ ነው። ወፍራም ነገር ከሥር ሲገባ ሄልሜቱ ከፍ ይላል፣ ይላላል፣ በመውደቅ ጊዜም ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ ግንባርን ያጋልጣል። ስለዚህ ኮፍያው ነጠላ ስስ ጨርቅ ይሁን። አናቱ ላይ ቁልፍ ያለው የተለመደው የስፖርት ኮፍያ አይሆንም። ያቺ ቁልፍ ብዙ ጊዜ በጨርቅ የተሸፈነች ብረት ናት፤ ሄልሜቱ ሲመታ ኃይሉን አንድ ነጥብ ላይ ታሳርፋለች። ከኋላው የፕላስቲክ ማጥበቂያ ያለውም ከሄልሜቱ የኋላ ማጥበቂያ ጋር ይጋጫል። ስፌቱ ጠፍጣፋ መሆኑን በጣት ዳብሰህ እይ፤ ጎርበጥ ያለ ስፌት ከስፖንጁ ሥር ከዋለ ግንባር ላይ መስመር ያወጣል፣ ራስ ምታትም ያመጣል። ከፊት የሚወጣው ጥላ ለስላሳና እንደ ልብ ወደ ላይ የሚታጠፍ፣ ርዝመቱም ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ጠንካራ ፕላስቲክ የገባበት ጥላ በፊት በኩል ሲወደቅ ወደ አፍንጫና ወደ ዓይን ይገፋል።

አብዛኛው ሰው የሚዘነጋው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው፦ ኮፍያ ከተጨመረ ሄልሜቱ እንደ አዲስ መስተካከል አለበት። የኋላውን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ፍታ። ኮፍያውን አድርገህ ሄልሜቱን ደልደል አድርገህ አስቀምጥ፤ የፊት ጠርዙ ከቅንድብ 2 ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ማዞሪያውን አጥብቅ። የአገጩን ማሰሪያ ሳታስር ጎንበስ ብለህ ራስህን ነቅነቅ ስታደርግ ሄልሜቱ ባለበት መቆየት አለበት። የጎን ማሰሪያዎቹ ከጆሮ ሥር ይገናኙ፤ ከአገጭ ሥር ደግሞ 1 ጣት፣ ቢበዛ 2 ጣት ብቻ ይግባ። አፍህን በሰፊው ስትከፍት ሄልሜቱ ወደ ታች ሲሳብ ሊሰማህ ይገባል። ኮፍያውን አንድ ቀን አድርገህ ሌላ ቀን የምትተው ከሆነ ይህ ማስተካከያ በሁለቱም አቅጣጫ ይደገማል፤ ኮፍያ የወጣለት ሄልሜት ሳይጠብቅ ሲነዳበት ማየት የተለመደ ስሕተት ነው።

ማዞሪያው ሙሉ በሙሉ ተፈትቶም ኮፍያው ካልገባ፣ ከሄልሜቱ ጋር የመጡ ስስ ስፖንጆች ካሉ በእነሱ ቀይር። ፎሙን በቢላ መፋቅ ወይም መጫን ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የተፋቀው ቦታ ነው በግጭት ጊዜ የሚጎድለው።

ለተላጨ ራስ ዋናው መፍትሔ ይኼው ስስ ኮፍያ ነው። ከሄልሜት ሥር የተቀባ ክሬም ወይ ስፖንጁ ይመጥጠዋል ወይ ላቡ ያወርደዋል።


ዳገት_ወጪ

ካቴና ስለ ኮፍያ የጻፈው ልክ ነው። ግን የኮፍያው ጥላ ከፊት ብቻ ነው፤ ጆሮና ማጅራት እንደተጋለጡ ይቀራሉ። ከሄልሜቱ ውጪ የሚጠለቀው ክፈፍ ዙሪያውን ይሸፍናል፤ ለዝግተኛ ጉዞ ከሁሉ የተሻለው እሱ ይመስለኛል።

ስፋቱን በግምት ከመግዛት በሒሳብ ማየት ይሻላል። ፀሐይ ከአድማስ 60 ዲግሪ ከፍ ብላ ሳለ 8 ሴንቲ ሜትር ክፈፍ ወደ 14 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ጥላ ወደ ታች ይጥላል። በ45 ዲግሪ ያው ክፈፍ 8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይጥላል፤ በ30 ዲግሪ ከ5 ሴንቲ ሜትር ያንሳል። ከሄልሜቱ ጠርዝ እስከ አፍንጫ ጫፍ ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለካና አወዳድር፤ አፍንጫ ራሱ ወደ ፊት ስለሚወጣም ትንሽ ጨምርበት። ከ7 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር ያለው ስፋት ለቀትር ይሠራል፤ ለጠዋትና ለማታ ፀሐይ ግን የትኛውም ክፈፍ ብቻውን አይበቃም። በዚያ ላይ ቆዳን የሚያቃጥለው የአልትራቫዮሌት ጨረር በቀጥታ ከፀሐይዋ ብቻ አይመጣም። ትልቅ ድርሻው በአየሩ ተበትኖ ከሰማዩ ሁሉ አቅጣጫ ይወርዳል። ጥላ ውስጥ ያለ ፊትም ክሬም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አሁን ችግሮቹ። አንደኛው ነፋስ ነው። በዳገትና በሜዳ ቀስ ብሎ ሲነዳ ክፈፉ ጸጥ ብሎ ይቀመጣል። ቁልቁለት ላይ ፍጥነቱ ሲጨምር ግን የፊቱ ጠርዝ መርገብገብ ወይም ወደ ላይ መታጠፍ ይጀምራል፤ አንዳንዴም ወደ ታች ተጣጥፎ መንገዱን ይጋርዳል። ከፊት በኩል ጠንከር ያለ ሆኖ የሚታጠፍ ጠርዝ ያለውን ምረጥ። ቁልቁለት ከመጀመርህ በፊት በጣት ሳብ አድርገህ መያዙን ፈትሽ፤ ረጅም ቁልቁለት ከሆነ ቆም ብለህ አውልቀው። ጨርቁ ጆሮ አጠገብ ሲርገበገብ የሚያሰማው ድምፅም ከኋላ የሚመጣውን መኪና ይሸፍንብሃል።

ሁለተኛው ዕይታ ነው። የሄልሜት ደረጃዎች ሄልሜቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቢያንስ 105 ዲግሪ ዕይታ እንዳይጋርድ ያዝዛሉ። ክፈፍ ስትጨምርበት ያንን ሊያጠብብ ስለሚችል፣ መንገድ ላይ ከመውጣትህ በፊት ብስክሌቱ ላይ ቁጭ ብለህ በትከሻህ ላይ ወደ ኋላ ተመልከት። የክፈፉ ጎን ከመነጽርህ በላይ መሆን አለበት።

ሦስተኛው የኋላው ክፈፍ ነው። ወደ ታች የታጠፈ መሪ ይዞ አጎንብሶ ለሚነዳ ሰው፣ ራሱን ቀና ሲያደርግ የኋላው ክፈፍ ጀርባውን ይነካና ሄልሜቱን ወደ ፊት ገፍቶ ዓይን ላይ ያወርደዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ አቀማመጥ የኋላው ልል ጨርቅ ብቻ ይሁን፣ ጠንካራ ነገር አይግባበት።

አያያዙን በተመለከተ ሄልሜቱን ዙሪያውን በሚይዝ ላስቲክ ወይም በቬልክሮ ይሁን፤ ሲጎተት የሚለቅ መሆን አለበት። ሲወደቅ መሬት ላይ ተጠልፎ አንገትን የሚጠመዝዝ ነገር አያስፈልግም። በሙጫ መለጠፍ፣ ቅርፊቱን መብሳት፣ በብሎን ማሰር የለም። የፊት የአየር ቀዳዳዎችን እንዳይዘጋም ላስቲኩ ከቀዳዳዎቹ በታች፣ በሄልሜቱ የታችኛው ጠርዝ ላይ ይቀመጥ።


ኮርቻ

ከዳገት_ወጪ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። መኪና በበዛበት ጎዳና ላይ ዙሪያ ክፈፉን አልመክርም፤ ወደ ኋላ መመልከትና መስማት ከጆሮ መቃጠል ይቀድማሉ። ጆሮና ማጅራትን በጨርቅ መሸፈን ይቻላል፤ ነፋስም አይወስደውም።

አንደኛው መንገድ ማጅራት ሸፋኝ ያለው ስስ ኮፍያ ነው። ጨርቁ ከሄልሜቱ ጠርዝ በታች ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ወርዶ የሸሚዙን ኮሌታ ማለፍ አለበት። ካጠረ፣ ስታጎነብስ በጨርቁና በኮሌታው መካከል ያለው የቆዳ ቀለበት ይቃጠላል። ሌላው ቱቦ መሰሉ የአንገት ጨርቅ ነው። ከአንገት ተነስቶ ጆሮንና ማጅራትን ሸፍኖ ጠርዙ ከሄልሜቱ ሥር ይገባል። ዳገት ላይ አፍንጫና አፍ ላይ አታድርገው፤ በላብ የራሰ ጨርቅ ትንፋሽ ያሳጥራል። ከአገጭ በታች አውርደህ ፊትህን በክሬም ሸፍን።

ምንም ካልተገኘ 55 በ55 ሴንቲ ሜትር የሆነ ስስ የጥጥ መሐረብ በሰያፍ አጥፎ ግንባር ላይ ማሰር ይሠራል። ቋጠሮው ግን ከሄልሜቱ የኋላ ማጥበቂያ በታች፣ ማጅራት ላይ ይውረድ። ማጥበቂያው ሥር የቀረ ቋጠሮ ሄልሜቱን ወደ ፊት ይገፋል፣ በግጭት ጊዜም ራስ ቅልን ይወጋል።

ስለ ጨርቁ ራሱ ትንሽ ልበል፤ ጥጥ ሁሉ ከፀሐይ ይከላከላል የሚለው ግምት ብዙ ሰው ያሳስታል። የጨርቅ መከላከያ ቁጥር ዩፒኤፍ ይባላል። 50 ማለት ከጨረሩ 50ኛው እጅ፣ ማለትም 2 በመቶው ብቻ ያልፋል ማለት ነው። ተራ ነጭ የጥጥ ካናቴራ ብዙ ጊዜ ከ10 በታች ነው፤ ሲርስ ደግሞ ይባስ ይቀንሳል፤ ሲወጠርም እንዲሁ። የአንገት ጨርቅ ራስ ላይ ተወጥሮ ሲቀመጥ ሽመናው ይከፈታልና ጠባብ አትግዛ። ቁጥሩ ያልተጻፈበትን ጨርቅ ወደ ብርሃን ይዘህ ተመልከት፤ ከጀርባው ያለው ነገር ቅርጹ ከታየ ፀሐዩም ያልፋል። ጠበቅ ያለ ሽመናና ጠቆር ወይም ጠለቅ ያለ ቀለም የበለጠ ይከላከላሉ። የብስክሌት ሸሚዞች ጀርባና ብብት ላይ ያለው መረብ መሰል ጨርቅም ለአየር ነው እንጂ ለፀሐይ አይደለም።

ጸጉር ላላቸው ደግሞ፦ የሹሩባ ክፍፍሎችና ጸጉር የተከፈለበት መስመር ልክ እንደ ተላጨ ራስ ናቸው። ቀዳዳው በላያቸው ካለፈ ይቃጠላሉ። ክፍፍሉን ቦታ መቀየር ወይም በስስ ኮፍያ መሸፈን ነው። ወፍራም ቋጠሮ ከሄልሜት ሥር አይሁን፤ ዝቅ ብሎ ማጅራት ላይ ይታሰር።


ጎህ_ሲቀድ

እጅግ አመሰግናለሁ፤ ኮፍያውና ማጅራት ሸፋኙ ገብቶኛል። ክሬሙስ? ኤስፒኤፍ የሚባለው የመከላከያ ቁጥሩ 50 ነው፣ በግንባር በኩል ግን አይሆንም።


ሰባተኛ_ማርሽ

ጎህ፣ ችግሩ ከቁጥሩ ይልቅ ከቦታውና ከዓይነቱ ነው። ቁጥር ላይ ያለው ልዩነት ሰው እንደሚያስበው አይደለም፦ ኤስፒኤፍ 30 በትክክለኛ መጠን ሲቀባ ቆዳን በዋናነት ከሚያቃጥለው ከአልትራቫዮሌት ቢ ጨረር 97 በመቶ ያህሉን ያስቀራል፣ 50ው 98 በመቶ ያህሉን። የሚጎዳው መጠን ማነስ ነው። ቁጥሩ በቤተ ሙከራ የሚለካው በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ቆዳ ላይ 2 ሚሊ ግራም ተቀብቶ ነው፤ ሰው በተለምዶ የሚቀባው ግን የዚያን ግማሽ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ለፊት፣ ለጆሮና ለአንገት በአንድነት 1 የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር፤ ለእያንዳንዱ ክንድ 1፣ ለእያንዳንዱ እግር 1 የሻይ ማንኪያ። አንድ ጊዜ ብቻ በማንኪያ ለክተህ ተመልከተው፤ መጠኑ ከምትገምተው በላይ ነው። ማሸጊያው ላይ ከአልትራቫዮሌት ኤ ጨረርም እንደሚከላከል መጻፍ አለበት፤ ኤስፒኤፍ በዋናነት ስለ ቢ ጨረር ብቻ ነው የሚናገረው።

ወደ ዓይኑ ጉዳይ እንምጣ። ዓይን የሚያቃጥሉት በአብዛኛው ጨረሩን መጥጠው የሚያስቀሩ እንደ አቮቤንዞን ያሉ ኬሚካሎች የያዙ ክሬሞች ናቸው። ለግንባር፣ ለቅንድብ ዙሪያና ለአፍንጫ ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለበትን ማዕድናዊ ክሬም ተጠቀም፤ በጠንካራ ሰም መልክ እንደ ሊፕስቲክ የሚመጣው ደግሞ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ሰሙ ላብ በቀላሉ አያወርደውም። የተለመደውን ክሬም ከጉንጭ ወደ ታች፣ ለጆሮና ለአንገት አድርገው።

ሌላው ስሕተት ክሬምን እስከ ጸጉር መብቀያ ድረስ መቀባት ነው። የሄልሜቱ ስፖንጅ የሚያርፍበት የግንባር ክፍል በሄልሜቱ ስለተሸፈነ ክሬም አያስፈልገውም። እዚያ የተቀባው ሁሉ ስፖንጁ ውስጥ ይጠራቀምና ላብ ሲሞላው በአንድ ጊዜ ዓይን ውስጥ ይወርዳል። ሄልሜቱን አድርገህ በመስታወት ፊት የስፖንጁን መስመር ተመልከት፣ ከዚያ በታች ብቻ ቀባ። ትናንት የተጠራቀመው እንዳይወርድም ስፖንጁ በየጊዜው ይታጠብ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ ከመውጣትህ 20 ደቂቃ በፊት ንጹሕና ደረቅ ቆዳ ላይ ቀባ፤ ሲደርቅ ኮፍያውን፣ ከዚያ ሄልሜቱን፣ መጨረሻ መነጽሩን አድርግ። ቱቦው ላይ ውኃ የሚቋቋም ተብሎ 40 ወይም 80 ደቂቃ ተጽፎ ታገኛለህ፤ ያ ውኃ ወይም ላብ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ላብ ባይኖርም በየ2 ሰዓቱ ይደገማል። የአንተ ጉዞ 3 ሰዓት ስለሆነ ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ ዳገቱ ከበዛ ሁለት ጊዜ መድገም ግድ ነው።

የሚረሱ ቦታዎች፦ የጆሮ የላይኛው ጠርዝና ጀርባው፣ ከመነጽር ውጪ በዓይንና በጆሮ መካከል ያለው ቆዳ፣ ከአገጭ ሥር፣ ከንፈር፣ የእጅ ጀርባ፣ የጉልበት ላይኛው ክፍል፣ ባት። አጎንብሶ ለሚነዳ ደግሞ ሸሚዙ ከቁምጣው ሲነሳ የሚጋለጠው ወገብ። ለከንፈር ኤስፒኤፍ 30 ያለው ቅባት ይሁን፤ አንጸባራቂ ተራ ቅባት አይከላከልም።

ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው ክሬም አያስፈልገውም የሚል አስተያየት በየጊዜው ይነሳል። ሜላኒን በእርግጥ ይከላከላል፤ ቃጠሎው ቶሎ አይመጣም። ነገር ግን ይቃጠላል፣ ማድያትና ጠቆር ያለ ጠባሳም በቀላሉ ይወጣበታል። ለማድያት ደግሞ ከአልትራቫዮሌት በተጨማሪ የሚታየው ብርሃንም መንስኤ ነው። ያንን የሚያስቀረው አይረን ኦክሳይድ ያለበት ቀለም ያለው ክሬም ነው። ዚንክ ፊት ላይ የሚተወውን ነጭ አመድም ያጠፋዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዶክሲሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ፣ እንዲሁም ለደም ግፊት የሚሰጠው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ቆዳን ለፀሐይ ያስቆጣሉ። እነዚህን የሚወስድ ሰው ጨርቁን ያስቀድም፣ ሰዓቱንም ይምረጥ።


ነፋሻ

ስለ መነጽር ማንም አላነሳም። ቆዳ ምንም ቀለም ቢኖረው ዓይን ይጎዳል። ዩቪ 400 የተጻፈበት ይሁን፤ እስከ 400 ናኖ ሜትር ያለውን አልትራቫዮሌት ጨረር ያግዳል ማለት ነው። ጥቁር ሆኖ ይህ የሌለው መነጽር ከምንም ሊብስ ይችላል፤ ጨለማው የዓይን ብሌንን ያሰፋና ጨረሩ በሰፊው ሊገባ ይችላል። ለደማቅ ቀን የጥቁረት ምድብ 3 ተስማሚ ነው፤ ከ8 እስከ 18 በመቶ ብርሃን ያሳልፋል። ምድብ 4 ለመንገድ አይሆንም፣ ጥላ ውስጥ ሲገባ ጉድጓድ አያሳይም። በብርሃን ቀለማቸውን የሚቀይሩት ምቹ ናቸው፤ ግን በሙቀት ቀን እንደ ብርድ ቀን አይጠቁሩም፣ ዋሻ ውስጥ ሲገባም ለመንጣት ጊዜ ይወስዳሉ።

እግሮቹ ቀጭንና ቀጥ ያሉ ይሁኑ። ወደ ታች የሚታጠፍ ወፍራም እግር ከሄልሜቱ የኋላ ማጥበቂያ ጋር ይጋጭና መነጽሩን ወደ አፍንጫ ጫፍ ይገፋዋል። እግሮቹን ከማሰሪያዎቹ ውጪ አድርግ፤ ሄልሜቱን ሳትነካ ማውለቅና መጥረግ ትችላለህ። ጎኑ የተጠቀለለ መነጽር በዓይንና በጆሮ መካከል ያለውን ቆዳም ይሸፍናል፣ ከጎን የሚገባውን ብርሃንም ያስቀራል።


ካቴና

ክሬምና ሄልሜት ሲገናኙ የሚመጣውን ነገር ልጨምር። ቅባቱ ከላብ ጨው ጋር ተዋሕዶ ማሰሪያውን ያደርቀዋል፣ ማስተካከያዎቹንም ያንሸራትታል፤ የአገጭ ማሰሪያ በየቀኑ እየላላ የሚመጣ ከሆነ መጀመሪያ እጠበው። ለብ ያለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና ብቻ፣ በእጅ፤ ከዚያ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ቤንዚን፣ የቀለም ማቅጠኛ፣ አሴቶን ፎሙን ያሟሙታል፤ ከውጪ ሳይታይ ከውስጥ ያበላሹታል።

የሚረጭ ክሬም ሄልሜት አድርገህ አትርጭ፤ መዳፍ ላይ ረጭተህ በእጅ ቀባ። ዲኢኢቲ ያለበት የትንኝ መከላከያ ደግሞ ፕላስቲክን ስለሚበላ ከቅርፊቱም ከመነጽሩም ይራቅ። ሁለቱም የሚያስፈልጉ ከሆነ ክሬሙ ይቀድማል፣ ደርቆ ሲያበቃ የትንኙ ይከተላል፤ ዲኢኢቲ የክሬሙን ኃይል ስለሚቀንስም መድገሙ ይቀርብ።

ሄልሜቱን በቆመ መኪና መስኮት ሥር ፀሐይ ላይ አትተው። በተዘጋ መኪና ውስጥ የሚደርሰው ሙቀት ፎሙን ያጣምማል። ቅርፊቱ ላይ ፊኛ መሰል እብጠት ወይም ሞገድ ካየህ፣ ቅርፊቱ ከፎሙ ከተላቀቀ፣ ሄልሜቱ ምንም ግጭት ባይደርስበትም ይቀየራል። ቀለሙ የነጣና የደረቀ ማሰሪያም ፀሐይ የበላው ነው።


ዳገት_ወጪ

ኮርቻ ስለ ጎዳናው ያለው ትክክል ነው፤ ዙሪያ ክፈፉ መኪና ለማይበዛበት መንገድ ይሁን ብዬ አስተካክያለሁ።

ጎህ፣ ጉዞህ ግማሹ ዳገት ስለሆነ ሙቀቱንም አስብ። በፍጥነት ስትሄድ ነፋሱ ያቀዘቅዛል፤ ዳገት ላይ ግን ነፋስ የለም፣ ሰውነት ደግሞ የበለጠ ይሠራል። ኮፍያውን ከዳገቱ በፊት በውኃ አርሰው፤ ሲተን ራስን ያቀዘቅዛል። አየሩ እርጥበት የበዛበት ከሆነ ውኃው ስለማይተን ጥቅሙ ትንሽ ነው። ስፖንጁ በላብ ሲሞላ ቆም ብለህ መነጽሩን አውልቅ፣ ወደ ፊት ዘንበል ብለህ ሄልሜቱን ግንባርህ ላይ ጫን አድርገው፤ ላቡ መሬት ላይ ይፈስሳል፣ ዓይን ውስጥ አይገባም። ውኃ በሰዓት ከ400 እስከ 800 ሚሊ ሊትር፣ በየ15 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት እየተጎነጩ፤ ከ1 ሰዓት በላይ ለሚቆይ ጉዞ ጨው ያለበት ይሁን።

ነፋሱ ሌላም ጣጣ አለው፦ ቆዳው ስለሚቀዘቅዝ መቃጠሉ አይታወቅም። ደመናም አያታልልህ፣ ስስ ደመና አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል። በስሜት ሳይሆን በጥላህ ለካ፤ ጥላህ ከቁመትህ ካጠረ ፀሐይዋ ከ45 ዲግሪ በላይ ናት፣ ጨረሩ ጠንካራ ነው። ከፍታ ሲጨምርም በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። በተቻለ መጠን ጉዞውን ከ4 ሰዓት በፊት መጨረስ ከክሬሙም ከጨርቁም ይበልጣል።

ራስ መዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ በሙቀት መሐል ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ወዲያው ወርደህ ጥላ ያዝ፣ ሄልሜቱንና ኮፍያውን አውልቅ፣ ራስና አንገት ላይ ውኃ አፍስስ። ንግግሩ የተምታታበት ወይም መንገዱ የጠፋበት ሰው ካየህ የፀሐይ ምች መቶታል፤ ሙሉ ሰውነቱን በውኃ እያቀዘቀዝክ አስቸኳይ ሕክምና ጥራ።


ጎህ_ሲቀድ

የመጨረሻ ጥያቄ፦ መሐል መንገድ ላይ እጅ ቆሽሾና ፊት በላብ ርሶ ሳለ ክሬሙ እንዴት ይደገማል?


ሰባተኛ_ማርሽ

ላብ ላይ የተቀባ ክሬም አይዝም፣ ተንሸራቶ ይወርዳል። ኪስህ ውስጥ በላስቲክ ከረጢት የታሸገ ንጹሕ ፎጣ ቁራጭ ያዝ። ቆም ብለህ ጓንትህን አውልቅ፣ ፊትህን ሳትፈትግ ጫን ጫን እያደረግህ አድርቅ፣ 1 ደቂቃ ጠብቅ። ለግንባር፣ ለአፍንጫ፣ ለጉንጭ አጥንትና ለጆሮ ጠርዝ ሰም መሰሉን ክሬም 3 ወይም 4 ጊዜ አመላልስ፤ እጅህ ቢቆሽሽም ፊትህን መንካት የለብህም። ሄልሜቱን ማውለቅም አያስፈልግም። ለእጅ ጀርባ ፈሳሹን ክሬም አንደኛው እጅ ጀርባ ላይ ጠብ አድርገህ ሁለቱን ጀርባዎች እርስ በርስ አሻሽ፤ መዳፍ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ክሬም የነካ መዳፍ መሪው ላይም ፍሬኑ ላይም ያንሸራትታል። ቱቦውን ፀሐይ ከሚመታው ቦርሳ ይልቅ በፎጣው ጠቅልለህ ጥላ ያለበት ኪስ ውስጥ አድርገው፤ በሙቀት ውኃና ዘይቱ ተለያይቶ የሚወጣ ክሬም ከተበላሸ ቆይቷልና ይጣል።